የአማት ጭልፋ

ብርድ ሲመጣ ቤት ተሰብስቦ ትኩስ ሾርባ መጠጣትን የሚያሞግሱ ሰዎች፣ ሾርባው ሲሠራ ወጥ ቤት ገብተው አያውቁም። ሳሙና ግን ትገባለች። በገባች ቁጥርም የምግብ ፍላጎቷን እዚያው ጥላ ትወጣለች።

ሳሙና የመዝገብ ስሟ አይደለም። ያወጡላት የባሏ እህቶች ናቸው፤ ከመጠጣቷ በፊት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ስትመረምረው ደርሰውባት። የምትሠራው አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ የማታውቀው ሰው የተኛበትን አንሶላ ስትዘረጋ ትውላለች። ፀጉር አለበት፣ ላብ አለበት፣ ትውከት አለበት፤ ስሙ የማይጠራ ሌላም ሌላም አለበት። ክራቫት አስሮ በፊት በር የሚገባው እንግዳ ማታ ምን እንደሚመስል እሷን ጠይቋት። ስለዚህ ቤቷ ስትገባ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የማንም አፍ ያልነካው ምግብ።

እንዲህ ያለው ምግብ ደግሞ በዚያ ቤት አይገኝም። አማቷ የሚያበስሉት በጭልፋ እየቀመሱ ነው። መቅመሱስ ባልከፋ፣ ማን ሳይቀምስ ያበስላል? እሳቸው ግን ጭልፋውን ከድስቱ አውጥተው ፉት ይላሉ፤ ምላሳቸውን ጠርዙ ላይ ያዞሩታል፤ ኮርኒሱን እያዩ ትንሽ ያስባሉ፤ ከዚያ ጭልፋውን እንዳለ መልሰው ይከቱታል። ያማስላሉ፣ ያወጣሉ፣ ደግመው ፉት። ጭልፋው የእንጨት ነው፤ ካፍ ጋር ሲገናኝ ኖሮ ጠርዙ እንደ ጆሮ ሳስቷል። ድሮም ይቀምሱ ነበር፣ ዘንድሮ ግን ጭራሽ ባሰባቸው። ሳሙና በሩ ላይ ቆማ ስታያቸው ካሮቱ ምራቅ፣ ድንቹ ምራቅ፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ስብ ሳይቀር ምራቅ ሆኖ ይታያታል። ይህ ሁሉ ምራቅ የገባበት ሾርባ ደግሞ አንድ ቀን ጨው ብቻ ነው፣ ሌላ ቀን የእቃ እጣቢ ነው።

አንድ ጠዋት ሹፌር ባሏ ጫማውን ሲያስር አላስችል አላት።

«ወይ እናትህ ያንን ጭልፋ ይተዉ፣ ወይ ወጥ ቤቱን ለኔ ይልቀቁልኝ።»

«ከምድጃው ካስነሳሻት ምን ይቀራታል?» አላት ቀና ሳይል። «ጉልበቷ ከቤት አያስወጣትም። ሰው የሆነችው በዚያች ድስት ነው እኮ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ሳሙና ነሽ፣ ምን ይነካሻል?» ብሎ እየሳቀ ወጣ። ሳቁም አስጠላት።

እሑድ ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ግድግዳው አልቦታል፣ ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ የተሰጣው የባሏ ካልሲ እየደረቀ ይሸታል። እህቶቹ ለምሳ ይመጣሉ። ሳሙና ዛሬ እንዲለይለት ቆርጣለች፤ ሁሉም ባሉበት ጭልፋውን አንስታ ታሳያቸዋለች፣ ከዛሬ ጀምሮም ወጥ ቤቱ የሷ ይሆናል።

ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ግን ሌላ ሽታ ተቀበላት። አፍንጫዋን ያዘች። አማቷ መክተፊያው ላይ ሥጋ ያለው አጥንት ዘርግተዋል። ፍሪጅ ውስጥ መግባት የነበረበት ሥጋ በፌስታል እንደታሰረ ምድጃው ሥር ከርሞ ኖሮ አረንጓዴ ለብሷል፤ ቢላው በተነሳ ቁጥር ዝልግልግ ክር ይዞ ይነሳል። እፍ! ሆቴሉ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ጥንብ አልገጠማት።

በክርፋቱ መካከል ግን ሳሙና ደስ አላት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ባሏን ልትጠራ ዞረች።

«ሽታው አይጣራም፣ ልጄ?» አሉ አማቷ ከኋላዋ። «አጥንት እንዲህ ነው፤ ገና ሳይጣድ ቤቱን ያሞቀዋል።»

ቆም ብላ አየቻቸው። ፊታቸውን ሥጋው ላይ ደፍተው ይከትፋሉ፣ አፍንጫቸው እንኳ አልተሸበሸበም። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ፊቱን የሚደፋ ሰው የለም። ሳሙና ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና ከመታጠቢያው ሥር በረኪናውን አወጣች፤ ክዳኑን ከፍታ ከኋላቸው፣ በትከሻቸው በኩል አስጠጋችው። የሷ ዓይን አነባ። እሳቸው ይከትፋሉ።

«ይሄስ ምን ይሸታል፣ እማማ?»

«የቱ?» ብለው ሲዞሩ ጠርሙሱን አዩት። ቢላው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ለልጆቼ እንዳትነግሪብኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከዚያ ክፉ ጉንፋን ወዲህ ነው። አፍንጫዬ ሄደ፣ ምላሴም ተከትሎት ሄደ። ሾርባም ውሃም ለኔ አንድ ነው።»

«ታዲያ ያንን ሁሉ ለምንድን ነው የሚቀምሱት?»

«አንድ ቀን ይመለስልኝ ይሆናል ብዬ ነዋ!»

ሳሙና ሥጋውንና ጭልፋውን ተራ በተራ አየች። ሥጋው ያስጠላታል፣ ጭልፋው ያስጠላታል፤ ቅድም ደስ ያላት የገዛ ልቧ ግን ከሁሉም ባሰባት። ሥጋውን በፌስታል ላይ ፌስታል ደርባ ቋጠረችና በዝናብ ወጥታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረችው፤ እዚያው ጎኑ አስመለሳት። አፏን በዝናብ ውሃ ተጉመጥምጣ ተመለሰች። መክተፊያውን፣ ቢላውን፣ ጭልፋውንም ፈትጋ በፈላ ውሃ አጠበች። አማቷ ድንች ላጡ። ምስር፣ ካሮት፣ ብዙ ነጭ ሽንኩርት ተጣደ።

እህቶቹ ጃኬታቸውን እያራገፉ ገቡ። ፀጉር ሠሪዋ ታላቅየዋ ገና ሳትቀመጥ ድስቱን ከፍታ አየች።

«አጥንቱስ? እማዬ፣ ሥጋ ገዝቻለሁ አላልሽም? አይ፣ አንቺ እኮ አርጅተሻል። ወጥ ቤቱን ለሳሙና ልቀቂላትና እረፊ።»

ሳሙና ስትመኘው የከረመችው ነገር ይኸው ሳትለምን መጣላት። ባሏም በሩ ላይ ቆሞ እሷን እሷን ያያል።

አማቷ ወደ ድስቱ ዞሩ። ጭልፋውን አወጡ፤ ፉት አሉ፤ ምላሳቸውን ጠርዙ ላይ አዞሩት፤ ኮርኒሱን እያዩ ጠበቁ። የመጣ ነገር የለም። ጭልፋውን ወደ ሳሙና ዘረጉት።

«እስቲ ቅመሺልኝ።»

«ለማን? ለሳሙና?» ታላቅየዋ በሳቅ ፈነዳች። «ትሞታለች እንጂ አትቀምሳትም!»

ሳሙና ጭልፋውን አየችው። ጠርዙ ርሷል፤ አረፋ የመሰለ ነገር ይንጠለጠልበታል። ጭልፋውን ተቀበለች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ፉት አለችው። እንዳይመለስባት ሁለቴ ዋጠችው።

«አጥንቱ እንዲቀር ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ። «ጨው ትንሽ ይጨምሩበት፣ እማማ። ሌላው እንደ ሁልጊዜው ነው፣ እጅ ያስቆረጥማል።»

አማቷ ጨው ቆንጥረው ጨመሩ። ሳሙና ቀፏታል፤ ምላሷ ላይ ያለው ነገር ቶሎ የሚለቅ አልመሰላትም። ጭልፋውን ግን ሳታጥበው ድስቱ ውስጥ መለሰችው።