ስልኩ የበላት ድንቡሎ

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የአፈጮሌ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። አፈጮሌ መጀመሪያ ወደዚያ የሄደው የተቃጠለ ሽቦ ሊቀጥል ነበር። የውጭ ፊልሞችን እየተከታተለ ለተመልካቹ በአማርኛ የሚናገረው የቀድሞው ተርጓሚ ድምፁ ተዘግቶ ሲቀር ማይክሮፎኑን ለአንድ ቀን ያዘ፤ ከዚያ ወዲያ አልለቀቀውም። «አፈጮሌ» የሚለው ስምም ያኔ ወጣለት።

የፊልሞቹን ቋንቋ ግማሹን በጆሮው ይሰማል፣ ግማሹን ከተዋናዩ ፊት ያነባል። ቀለም የሌላቸው የድሮ የወንጀል ፊልሞች ደግሞ ሳንቲም ይበዛባቸዋል፤ ለስልክ ሳንቲም፣ ለጋዜጣ ሳንቲም፣ በር ለከፈተ ሳንቲም። ስሙም ዋጋውም ለየቅል ነው። ያንን ሁሉ ሲያብራራ ተኩሱ ያመልጠዋል። ስለዚህ ብልሃት አበጀ፤ ወረቀት ከሆነ «መቶ»፣ ብረት ከሆነ «ድንቡሎ»። በቃ። ለዓመታት አላሳፈረውም።

የዚያን እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሏል። ባለፈው ሳምንት ተመልካቹ አጉረምርሞ ስለነበር ባለቤቱ በር ላይ ያዘው።

«ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ገንዘቤን መልሱ ቢል ማይክሮፎኑን ለሌላ እሰጣለሁ። ዝምድና ሌላ፣ ሥራ ሌላ።»

«ጋሼ፣ እኔን ነው?»

«አንተን ነዋ! ግድግዳውን መሰለህ?»

ፊልሙ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ሱቁ ውስጥ ተገደለ፤ ከኪሱ የማይለያት ትልቅ ሳንቲምም ጠፋች።

«ድንቡሎዋ ተሰረቀች!» አለ አፈጮሌ።

ቀጥሎ አንድ ታክሲ ነጂ ሊደውል ብሎ ትንሽ ሳንቲም ስልኩ ውስጥ ከተተ።

«ድንቡሎዋን አስገባት!»

«ያዘው! ሌባው እሱ ነው!» አዳራሹ ብድግ አለ። ከዚያ በኋላ ነጂው ምን ቢሠራ ያመነው የለም። ሚስቱን ሲያቅፍ እንኳ «አንቺ ሴትዮ፣ ሽሺ!» ተባለች።

መርማሪው ግን ወደ አንድ ምግብ ቤት ገባ፣ የገንዘብ ተቀባዩን መሳቢያ ሳበ፣ ትልቋን ሳንቲም አነሣ። ካቴናው ገንዘብ ተቀባዩ እጅ ላይ ገባ።

አፈጮሌ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። «ድንቡሎዋ... ተገኘች።»

«የት?» አለ አንዱ ከኋላ።

«መሳቢያ ውስጥ።»

«ስልኩ የበላት ድንቡሎ በየት በኩል መሳቢያ ገባች?»

«ስልኩና ገንዘብ ተቀባዩ ዘመዳሞች ናቸዋ!»

«ዝም በል አንተ! ነጂው ነው የሸጠለት።»

«መቼ ሸጠለት? ተኝተህ ነበር እንዴ?»

አፈጮሌ ዓይኑን ጨፍኖ ነገሩን ሊያጠናቅር ሞከረ። ግን ሳንቲሟ ትዝ አልል አለችው፤ ትዝ የሚለው ራሱ የተናገረው ብቻ ነው። ድንቡሎ ጠፋች፣ ድንቡሎ ገባች፣ ድንቡሎ ተገኘች። አንዷ ናት? ሁለት ናቸው? ውሉ ጠፋበት።

መብራት ሲበራ ሰዉ አልወጣም። ግማሹ ነጂውን፣ ግማሹ ገንዘብ ተቀባዩን ይዞ ይሟገታል። ባለቤቱ እየተጋፋ ሲመጣ አፈጮሌ ማይክሮፎኑን ሊያስረክብ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

«ባለቤት!» ብሎ ጮኸ አንድ ጎረምሳ። «ነገም ይታያል? ወንድሜን አምጥቼ አስፈርደዋለሁ!»

«እኛም እንመጣለን!» አሉ ከወዲያ።

ባለቤቱ ፊቱ በራ። «ይታያል!» አለና ወደ አፈጮሌ ጆሮ ጎንበስ አለ። «ገመዱን ፍታው። ነገም ልክ እንደ ዛሬው። አንዲት ቃል እንዳታጣራ!»

«እሺ ጋሼ። ግን... ገዳዩ ማን ነው?»

«እኔ በር ላይ ነበርኩ። የምታወራው አንተ አይደለህ እንዴ?»

አፈጮሌ ገመዱን መልሶ ዘረጋ። ማይክሮፎኑ ተርፎለታል። ነጂው ድንቡሎዋን በዓይኑ ፊት ስልኩ ውስጥ ከትቶ በምን ነጻ እንደወጣ ግን፣ ቤቱ እስኪደርስ ቢያወጣ ቢያወርድ ሊገባው አልቻለም።