መቅመስ መብላት አይደለም

ላዝሃር በበረሃ ከተማዋ በቶዘር የቴምር እርሻዎች አርባ ዓመት ዛፍ የወጣ ሰው ነው። የሚወጣው በባዶ እግሩ ነው፤ ጫማ አጥልቆ ግንድ የሚይዝ ሰው ሲያይ «ይሄ ደግሞ ሠርግ ተጠርቷል እንዴ?» እያለ ይስቅበታል። እንግዲህ በእግሩ እንዲህ የሚኮራው ሰው፣ ለቀማው ሊጀመር ሰሞን፣ ለሶላት ሊታጠብ ቁጭ ብሎ ውሃው ቀልቶ አየ። በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ሥር የቴምር እሾህ ተሰክቷል። መቼ እንደወጋው አያውቅም። ያስደነገጠው ደሙ አልነበረም፤ አለማመሙ ነው።

ለሚስቱ ለመብሩካ ፍርሃቱን አልነገራትም፤ መንገርም አላስፈለገውም። አባቱ ሐጅ ቴጃኒ ስኳር ነበረበት። እንዲህ ባለች ትንሽ ቁስል ጀምሮ፣ መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ እግሩን ከጉልበቱ አስቆርጦ ነው የሞተው። በዚያ ቤት የእግር ቁስል ምን እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል።

በጤና ጣቢያው የሰፈሩ ልጅ ነርስ ሲሄም በባዶ ሆዱ ለካችው። በአንድ ሊትር ደም ከአንድ ግራም ከሩብ ማለፍ ያልነበረበት ስኳር ሁለት ግራም ተኩል ደርሷል።

«አጎቴ ላዝሃር፣ ይሄ የምሰጥዎት ኪኒን ብቻውን አያድንዎትም» አለችው። «ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይገጥምም። ቁስሉ ካልገጠመ የት እንደሚደርስ ደግሞ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።»

ሦስት ሳምንት ሰጠችው። ቁስሉ እስኪድን ዛፍ መውጣት ቀረ፤ ጫማ ግድ ሆነ፤ እግሩን በየቀኑ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሥሩን በመስታወት ማየትም እንዲሁ። ላዝሃር ግትር ነው፣ ግን ፍርሃት ግትሩንም ይገራል። ያለ ስኳር የቀረበለትን ሻይ እንደ ኮሶ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። ነጩን ዳቦ ትቶ የገብስ ዳቦ ያዘ። ኩስኩሱ ተቀንሶ ሳህኑ በዱባና በጎመን ሲሞላ፣ «ከፍየሏ ጋር አንድ ማዕድ ሆንን» ብሎ አጉረመረመ እንጂ አልተወውም።

ሥራውንም አልተወም። በእኛ ዘንድ የቴምር ዘለላ ከላይ አይወረወርም። ሰዎች በግንዱ ላይ አንዱ ከሌላው በታች ተደርድረው ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ነው የሚያወርዱት። ላዝሃር የዛፉን አናት፣ የዕድሜ ልክ ቦታውን፣ ለታላቁ ልጁ ለሀይከል ለቀቀና ግንዱ ሥር ተቀመጠ። የወረደውን ዘለላ ሁሉ ተቀብሎ፣ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ቀምሶ፣ ወደ የትኛው ሣጥን እንደሚገባ ይናገራል። በእርሻው ውስጥ የእሱን ምላስ የሚተካ የለም። ጠንካራውን የውስጥ ፍሬ ቅርጫት ውስጥ እየተፋ ማታ ለመብሩካ ያመጣላታል፤ እሷ ለፍየሏ ትወቅጠዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ሲሄም ለካች። ሁለት ነጥብ ሰባት ግራም ሆነ፤ ጭራሽ ጨመረ። ላዝሃር በልጆቹ ማለ፣ ስኳር የሚባል ነገር በአፉ አልዞረም። ደግሞም እየዋሸ አልነበረም። ልጅቱ የቁስሉን ጠርዝ አየች፤ ጠቁሯል። ከዚያ ለከተማው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ወረቀት ጻፈችለት። ቀጠሮው ከሳምንት በኋላ ነው። ላዝሃር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቤቱ እስኪደርስ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ሳይል አለፈ።

በማግስቱ ጠዋት መብሩካ ለፍየሏ ልትወቅጥ ቅርጫቱን አነሳች። ስታነሳው ከበዳት። ሁልጊዜም ይከብዳት ነበር፤ ያን ቀን ግን ቆመች። ላዝሃር ጫማውን ወደሚያጠልቅበት ወደ በሩ ተሸክማው ሄደች።

«ይሄ ሁሉ ፍሬ ከማን አፍ ነው የወጣው?»

«ከእኔ ነዋ። ከማን ሊሆን ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ትናንት በልጆችህ ምለሃል እኮ።»

«መቅመስ መብላት ነው እንዴ? ሥራዬን ነው የሠራሁት። ደግሞስ ቴምርን ማን ስኳር አለው? ቴምር በረከት ነው።»

«በረከት መሆኑን ደምህ መቼ ያውቅለታል?» አለችና ፍሬውን መሬት ላይ ዘርግፋ መቁጠር ጀመረች። ስልሳ ላይ ስትደርስ እያለቀሰች ተወችው። ገና ግማሹ አልተቆጠረም ነበር። እሷው በእጇ ስትወቅጠው መክረሟ ነው ያስለቀሳት።

የላዝሃር ዓይኑ ፍሬው ላይ ቀርቶ ነበር። አባቱ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሻይ ያለ ስኳር ነበር የሚጠጣው፤ እናቱ ዳቦውን እንኳ ትደብቅበት ነበር። እግሩ ሲቆረጥ ሰፈሩ የሰው ዓይን ነው አለ፣ ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለ። የዛፉ ሥር ቀማሽም ያን ጊዜ ሐጅ ቴጃኒ ነበር። በዚያ ዘመን የሐጅ ቴጃኒን ፍየሎች የሚያህል የወፈረ ፍየል በሰፈሩ አልነበረም።

ዕለቱን ሀይከልን ከዛፉ አስወርዶ አጠገቡ አስቀመጠው፤ አናቱን ሌላ ሰው ወጣበት። የመጀመሪያው ዘለላ ሲደርስ ላዝሃር አንዷን ቴምር በጣቱ ጫን፣ ወደ ብርሃን ያዝ፣ አሸተት አደረጋትና ለልጁ ሰጠው። ሀይከል አላመጠ።

«ማር ነው። አንደኛው ሣጥን።»

«ትፋው» አለው አባቱ።

ሀይከል ቀልድ መስሎት ሳቀ። አፍ የገባ ቴምር መትፋት በእኛ ዘንድ የድሃም የሀብታምም ነውር ነው። ግንዱ ላይ የነበሩት ሰዎች ሰምተው ዘለላውን እንደያዙ ቁልቁል አዩ።

«አባዬ፣ በረከት ይተፋል እንዴ?»

«ትፋው አልኩህ። አያትህ ዋጠ፣ እኔም ዋጥኩ።»

ሀይከል በፋሻ የተጠቀለለውን የአባቱን እግር አየ። ዞር ብሎ አሸዋው ላይ ተፋው። ለሐኪሙ ቀጠሮ ስድስት ቀን ቀርቷል። ቀጣዩ ዘለላ ከላይ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ መውረድ ጀመረ።