የአባቴን ሰላምታ ያዳመጡት ድሬሰር

ዛሬ ጠዋት ከነቀምቴ ተደወለልኝ። ኦቦ ገመቹ አርፈዋል አሉኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መልሼ ደወልኩና "የትኛው ገመቹ?" ብዬ ጠየቅሁ። የማውቀው ገመቹ አንድ ብቻ ነው።

አብዛኞቻችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ስለሆናችሁ አታውቋቸውም። በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ቁስል የሚያክሙ፣ መርፌ የሚወጉ ድሬሰር ነበሩ። ሰው "ዶክተር" ብሎ ሲጠራቸው "ዶክተር ቢኖርማ እኔ ራሴ በታከምኩ!" ይሉ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ሠርቶ፣ የዱቄቱ ብናኝ ሳንባውን ጎድቶት ነበር። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች፤ ያለሁት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ያኔ ገና በመምህርነት ተመርቄ ከነቀምቴ ራቅ ያለችው አርጆ ተመደብኩ። ጭንቀቴ አንድ ነበር፤ አባቴን ብቻውን ትቼው ልሂድ ወይስ ልቅር?

እሱን ስጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ "ደህና ነኝ፣ ሂድ" ነው። ስለዚህ በራሴ መንገድ ለካሁት። ሦስት እሁድ፣ ከቤታችን ተነስቶ ዳገቱ አናት ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ የሚፈጅበትን ጊዜ በእጅ ሰዓቴ ይዤ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሦስቱንም ቀን ጸሎት ሳይጀመር ደርሷል። ደብተሬን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ።

ኦቦ ገመቹ ገጹን እስከ መጨረሻው አነበቡና "መምህር፣ መድረሱን ጽፈሃል። እንዴት እንደደረሰ የታለ?" አሉኝ።

ይህችን ጥያቄ ሳንባው ለታመመ ሁሉ ያቀርቧት ነበር። ደረቱን ካዳመጡ በኋላ ውሃ ማን እንደሚቀዳለት፣ ጫማውን ሲያስር ስንት ጊዜ ቀና እንደሚል፣ እየሄደ ማውራት ይችል እንደሆነ ይጠይቁታል።

በሚቀጥለው እሁድ አብረውን ወጡ። አባቴ ሰፈሩ ውስጥ በሰላምታው የታወቀ ሰው ነበር። በየአጥሩ ይቆምና "አካም ቡልተን? ሎን ነጋ? ኢጆሌን ነጋ?" እያለ ስለ አዳራቸው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል። ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። እኔ በትሕትናው እኮራ ነበር።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ አጥር ጋር ቆመ። እንጨቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግቢው "አካም ቡልተን!" አለ።

"ኦቦ፣ ማንን ነው ሰላም የሚሉት? በሩ ከውጭ ተቆልፏል እኮ" አሉት ኦቦ ገመቹ።

አባቴ እንጨቱን ሳይለቅ መለሰ፤ "ሲመለሱ... ይደርሳቸዋል።"

ሁለቱም ሳቁ። የአባቴ ሳቅ ግን ወዲያው ሳል ሆነ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሰላምታው ከልቡ ነበር፤ ማረፊያውም ያው ሰላምታ ነበር። ጎረቤት ሲመልስለት እሱ ይተነፍሳል። ሦስት እሁድ ሙሉ ከጎኑ ሆኜ የማየው ሰዓቴን ነበር።

ቤት ስንገባ ኦቦ ገመቹ ከአባቴ ጋር ተቀምጠው የአንድ ቀን ውሎውን ከጠዋት ጀምረው አንድ በአንድ ጠየቁት። ያበስላል፣ ይታጠባል፣ ቀስ ብሎ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር ግን ትንፋሹን ይወስደዋል።

"ታዲያ ጫማዬን ሰው ሊያስርልኝ ነው? ሕፃን ነኝ እንዴ?" አለ አባቴ ተቆጥቶ።

"ሕፃንማ ዳገቱን በሩጫ ነው የሚወጣው፣ ኦቦ።"

አባቴ መሬት መሬት አየ። "ውሃውም ይከብደኛል" አለ። ይህን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዛሁለት። ጎረቤታችን የነበረው የጉራጌ ባለሱቅ በአህያ በሚያስመጣው ውሃ ላይ የአባቴንም ጨመረ፤ አባቴ ሲያልፍ አረፍ የሚልበት ዱካም ደጁ ላይ አኖረ።

ኦቦ ገመቹ፣ ሂድም ቅርም አላሉኝም። አባቴ የሚችለውንና የማይችለውን ለይተው አሳዩኝና ውሳኔውን ለእሱና ለእኔ ተዉት። እኔ አርጆ ሄጄ አስተማርኩ። እሱም እስከ መጨረሻው ድረስ በገዛ ቤቱ፣ የቤቱ ጌታ ሆኖ ኖረ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ መንገድ መንገዱን እያየሁ በቅጡ ሳላመሰግንዎት ሄድኩ። ዛሬ፣ በጣም ዘግይቼ፣ ገለቶማ እልዎታለሁ።

ነጋቲ፣ ኦቦ ገመቹ። በሰላም ይረፉ።