የእትዬ ኮፒ ቅዳሜ

ሰው ሁሉ እትዬ ኮፒ ይላታል። ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ደረጃ ሥር በተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ወረቀት ስታባዛ ኖራለች። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍቺ ውሳኔ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የይግባኝ ማመልከቻ። ሥራ በሚበዛበት ቀን ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ታባዛለች። የምታባዛውን አታነብም። «ባነብ ኖሮ ይኼኔ አብጄ ነበር» ትላለች።

ቀኝ ትከሻዋ የማሽኑን ክዳን ሲያነሳና ሲከድን ከርሞ ከግራው ዝቅ ብሏል። ጣቶቿን ወረቀት ወዛቸውን ጠጥቶ አድርቋቸዋል። ከሰዓት በኋላ እግሯ ስለሚያብጥ ጫማዋን አውልቃ ካርቶን ላይ ትቆማለች።

በዚህ ሥራ ትልቁ ጥፋት ዋናውን ከቅጂው ማምታታት ነው። ደንበኛ ቅጂውን ይዞ ይሄዳል፤ ዋናው ክዳኑ ሥር ይቀራል። ሲመለስ የሚጮኸው እሷ ላይ ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ዓመት ለራሷ አንድ ሕግ አወጣች። ማሽኑ ቅጂውን የሚተፋው ፊቱን ደፍቶ ነው። እሷ ደግሞ ዋናውን ከመስታወቱ ላይ እንዳነሳች ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። የተደፋ ሁሉ ቅጂ ነው። አሁን ሕጉን አታስበውም፤ እጇ ያውቀዋል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የማንም ሰው ዋና ጠፍቶባት አያውቅም።

እናቷ ከሁለት ዓመት ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። የተኙት በታላቅ እህቷ ቤት ሳሎን ነው። እትዬ ኮፒ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በቀጥታ እዚያ ትሄዳለች፤ እሑድ ሙሉ ቀን እዚያ ትውላለች። ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች። የቀረው ሁሉ በእህቷ ላይ ነው። ቅዳሜ ፍርድ ቤቱም ሱቋም ዝግ ነው። ለእህቷ ግን «ቅዳሜ እስከ ሰባት ሰዓት እሠራለሁ፤ ተማሪ ይበዛል» ብላታለች።

ውሸት ነው። ከሳምንቱ ውስጥ የራሷ የሆነው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት።

ነገሩ የጀመረው ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ ነው። አንዲት ሴት ሁለት መቶ ማስታወቂያ ልታባዛ መጣች። መቶ ሠላሳ ገደማ ላይ ወረቀቱ ተያዘ። እትዬ ኮፒ ጎኑን ከፍታ የተጨማደደውን ወረቀት ስትጎትት ሳታስበው አነበበችው። የተቀዳደደ ወረቀት፣ ክርና ጨርቅ እየለጠፉ ሥዕል መሥራት፤ ኮላዥ ይባላል። አሥራ ሁለት ቅዳሜ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ በነፃ። መጨረሻው ላይ «መሳል መቻል አይጠበቅባችሁም» ይላል።

«ምንም መቻል አይጠበቅም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምንም።»

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ።»

ምድር ቤቱ ሙጫና እርጥብ ካርቶን ይሸታል። አሥር ሰው በሁለት ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። መምህርቷ ማስታወቂያውን ያስባዛችው ሴት ናት። ዕድሜዋን የቲያትር መድረክ ስትቀባ ኖራ አሁን ቀለሙ ከጥፍሯ ሥር አልወጣም ብሏታል። በመጀመሪያው ቀን መቀሱንና ማስመሪያውን ሁሉ ሰብስባ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ አሮጌ ጋዜጣ ሰጠች።

እትዬ ኮፒ ጋዜጣውን ይዛ ቀረች። ወረቀት ቀዳ አታውቅም። የተቀደደ ወረቀት በእሷ ሥራ ጠብ ነው፣ ፖሊስ ነው።

«ቅደጂ እንጂ» አለቻት መምህርቷ።

«ስንት ቅጂ?»

አጠገቧ የተቀመጡት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ቅጂ አይደለም ያለችሽ፣ ቅደጂ ነው! እትዬ ኮፒ፣ ግድ የለሽም፣ ይሄ ከሳሽ የለውም።»

«ጋሼ፣ እርስዎም አውቶቡሱን ገደል ክተቱ ቢባሉ ወዲያው እሺ አይሉም።»

«አንድ ጊዜ ለጥቂት ከትቼው ነበር» አሉ ሹፌሩ።

ቀደደች። ቀስ በቀስ ለመደችው። ጋዜጣ በቁመቱ ሲቀደድ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ፣ በወርዱ ሲቀደድ ግን እንደ ሰካራም እንደሚንገዳገድ አወቀች። ሙጫ በውኃ አቅጥና፣ ብሩሹን ከመሐል ወደ ዳር መሳብ ተማረች፤ አለበለዚያ አየር ገብቶ ወረቀቱ ያብጣል። ስስ ወረቀት በላይ በላይ ሲደረብ አዲስ ቀለም እንደሚያወጣ አየች። ካርቶን በወስፌ በስታ ክር አሳለፈችበት። በአራተኛው ሳምንት ብሩሹን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ማንም አልቀሰቀሳትም። ስትነቃ ሙጫው ብሩሹ ላይ ደርቆ ነበር፤ መምህርቷ ሌላ ብሩሽ አቀበለቻት።

ጎበዝ አልነበረችም። የሹፌሩ ሥራ ከእሷ ይሻላል። ግን በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ውስጥ ማንም አይጠራትም፣ ማንንም አታነሳም፣ የማንም ወረቀት በእጇ የለም። ወደ ቤት ስትመለስ እንደወትሮው ይደክማታል፤ የሚደክማት ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው።

በአሥረኛው ሳምንት የመጨረሻው ሥራ ታዘዘ። «የቤተሰባችሁን ሰው ትሠራላችሁ» አለች መምህርቷ። «ፎቶ አምጡ። ዋናውን ግን እንዳታመጡ፤ ቅጂ ብቻ።»

«ይሄንን ለእሷ ነው የምትነግሪያት?» አሉ ሹፌሩ ወደ እትዬ ኮፒ እያመለከቱ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

በእህቷ ሳሎን ግድግዳ ላይ የእናትና የአባታቸው የሠርግ ሰሞን ፎቶ አለ። አባታቸው ወንበር ተደግፈው ቆመዋል፤ እናታቸው ጥቁር የእጅ ቦርሳ ይዘዋል። ሌላ ፎቶ የላቸውም። ሐሙስ ዕለት ከክፈፉ አወጣችው። «ደብዝዟል፤ አባዝቼው ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እመልስልሻለሁ» አለቻት እህቷን። ዓርብ በወፍራም ወረቀት፣ በልኩ አባዛችው። ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስተኛው ተዋጣላት፤ ከዋናው ይልቅ ጎልቶ ወጣ። ከትምህርቱ በቀጥታ ወደ እህቷ ስለምትሄድ ሁለቱንም በአንድ ፖስታ ከተተች።

ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ዋናውን ፊቱን ወደ ላይ፣ ቅጂውን ደፍታ። ባለ ቀለም ወረቀቶቿን ዙሪያውን ደረደረች። ከዚያ መምህርቷ አጨበጨበች።

«ፊት ፊት እያያችሁ ነው የምትመርጡት፤ ለዚህ ነው ሁላችሁም የምትፈሩት። በሉ፣ ያለውን ሁሉ ድፉት። ጀርባውን እያያችሁ ቅደዱ። ቅርጹን ብቻ እዩ።»

አሥሩም ሰው ወረቀቱን ደፋ። እትዬ ኮፒም ደፋች። ሌሊቱን በቅጡ አልተኛችም ነበር፤ ትከሻዋ ይጠዘጥዛት ነበር። እጇ ከፊቷ ያለውን ሲያይ ሁሉም የተደፋ ነው። የተደፋ ሁሉ ደግሞ ቅጂ ነው። አንዱን አነሳችና ቀደደች። ደግማ ቀደደች። ሁለቱን ቁራጭ ሙጫ ቀብታ ካርቶኑ ላይ ለጠፈች።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትቀድ ጆሮዋ ነገራት። ወረቀቱ እንደ ማሽን ወረቀት አልጮኸም፤ ድምፁ የታፈነ ነበር። ጠርዙን አየችው። ነጭ፣ ንብርብር፣ እንደ ተላጠ ቅርፊት። የድሮ ፎቶ ነው እንዲህ የሚቀደደው።

መምህርቷ ከኋላዋ መጥታ ቆመች። «ጎሽ! እንዲህ ነው መቅደድ። ከመጣሽ ጀምሮ እንዲህ ደፍረሽ አታውቂም።»

«ዋናው ነው» አለች እትዬ ኮፒ።

ሹፌሩ አንዱን ቁራጭ ገልብጠው አዩትና መልሰው ደፉት። «ይጣበቃል እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«መጣበቁንማ ይጣበቃል ጋሼ።»

ሙጫው ሳይደርቅ ሁለቱን ቁራጭ በማንኪያ ጫፍ አላቀቀቻቸው። አራቱንም ፖስታው ውስጥ ከትታ ወጣች።

መንገድ ላይ አሰበችበት። ቅጂው ከዋናው ይበልጣል። ክፈፉ መስታወት አለው፤ እህቷ ጣቷን አታሳርፍበትም። ዝም ብትል አንድም ነገር አይደርስባትም። ብትናገር ግን «የት ሆነሽ ቀደድሽው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እሱን ስትመልስ ቅዳሜዋ ይሄዳል።

እህቷ በር ስትከፍት እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነበር፤ አንሶላ እያጠበች ነው። «መጣሽ? በይ ነይ፣ እናገላብጣት።» ሰላምታው ይኼ ነው። አንዷ በትከሻ፣ አንዷ በዳሌ ይዘው እናታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ እትዬ ኮፒ ክፈፉን አውርዳ ቅጂውን አስገብታ ሰቀለችው።

እህቷ ቆማ አየችው። «አጸዳሽው እንዴ? የእማዬ ፊት እንዴት ጎላ በሞቴ!»

አዎ ብትል አለቀ። በኋላ ሰው ሲጠይቃት «ሃያ ስድስት ዓመት ቅጂን ዋና ብዬ ሰጥቼ አላውቅም» ትላለች። እውነቱ ግን ደክሟት ነበር። አንድ ውሸት ተሸክማለች፤ ሁለተኛውን የምትሸከምበት ትከሻ አልነበራትም።

«ቅጂ ነው፣ እታለም» አለች።

«ዋናውስ?»

«ቀደድኩት።»

«ማሽኑ ነከሰው?»

«በእጄ ነው።» ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አራገፈችው።

እህቷ ቁርጥራጮቹን አላየቻቸውም። «ሱቅ ቁጭ ብለሽ ምን ሆንሽና ፎቶ ትቀዳድጃለሽ?»

«ሱቅ አልነበርኩም። ትምህርት ቤት ነበርኩ።»

«የምን ትምህርት ቤት?»

«ወረቀት መለጠፍ።»

«በዚህ ዕድሜሽ ወረቀት መለጠፍ?»

«አዎ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ?»

«አዎ።»

«ስንት ቅዳሜ?»

«ዛሬ አሥራ አንደኛው ነው።»

እህቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇን በቀሚሷ አደረቀች፤ ደርቆም ማሸቱን አልተወችም። «ሐኪሙ ለወገቤ ሁለት ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነይ ብሎኝ ነበር» አለች። «ልነግርሽ ስልኩን አንስቼ ተውኩት። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ቆማ የምትውል ልጅ እንዴት አስቸግራታለሁ ብዬ። አዘንኩልሽ እኮ!»

ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

«ምንድን ነው የተቀደደው?» አሉ እናታቸው ከአልጋው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳደረጉ።

«ፎቶ ነው፣ እማዬ። ያንቺና የአባዬ።»

«ቦርሳ የያዝኩበት?»

«አዎ።»

«እሰይ! ቦርሳው የፎቶ ቤቱ ነበር። ፎቶ አንሺው ካልያዝሽ ብሎ ሙጭጭ አለብኝ። ሰው በመጣ ቁጥር ቦርሳሽ ያምራል ሲለኝ አፍር ነበር።»

እህትማማቾቹ ተያዩ። ሃምሳ ዓመት የእናታቸው ቦርሳ የት እንደገባ ሲከራከሩ ኖረዋል። ሊስቁ ዳዳቸው፤ አልሳቁም።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ያንቺ ነው» አለች እህቷ። «እኔ የለሁም።»

«የሚቀጥለው የመጨረሻው ነው። ሥራችን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሰው ተጠርቷል።»

እህቷ ወገቧን ይዛ ተነሳች።

«እሺ» አለች እትዬ ኮፒ። ቀጥላም፣ «ከወር በኋላ ሌላ ዙር ይጀምራሉ። አንድ ቅዳሜ አንቺ፣ አንድ ቅዳሜ እኔ እናድርገው።»

«ግማሽ ትምህርት ምን ያደርግልሻል?»

«ግማሹም ቢሆን።»

እህቷ አሰበችበት። «እንግዲህ ለእኔም ግማሽ እንቅልፍ ነው። እኔ እንዳንቺ ወረቀት አልለጥፍም፤ ሐኪሙ ጋ ደርሼ እተኛለሁ። እዚህ ቤት ደግሞ አልተኛም፤ እማዬ ስትስል እሰማታለሁ። የቤትሽን ቁልፍ ስጪኝ።»

ቁልፉን ከቀለበቱ አላቃ ሰጠቻት። «በሩን ስትከፍቺ ትንሽ ወደ ላይ አንሺው፤ ይይዛል። ውኃ እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው የሚመጣው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎቹ ምድር ቤት ውስጥ ሥራቸውን ሲሰቅሉ፣ እትዬ ኮፒ አንሶላ እያጠበች ነበር። በየሁለት ሰዓቱ እናቷን ብቻዋን ለማገላበጥ ሞከረች፤ ለሁለት የሚከብድ ሥራ ነው። በሦስተኛው ላይ ወገቧ ቀጭ አለ። እህቷ ይህንን ሁለት ዓመት ብቻዋን ስታደርገው ኖራለች። እናቷ «ቀስ፣ ቀስ፣ አንቺ እጅሽ ሻካራ ነው» አሏት።

እህቷ በስምንት ሰዓት እመለሳለሁ ብላ ነበር። ስምንት አለፈ። ዘጠኝም አለፈ። እትዬ ኮፒ ስልኩን አንስታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። የእህቷ ጉንጭ ላይ የትራሱ ስፌት ታትሟል፤ ጸጉሯ ባንድ ወገን ተኝቷል። የሐኪም ቤቱን ካርድና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቀጥታ ወደ አልጋው ሄደች።

«ፍራሽሽ ይቆረቁራል» አለች። «በይ ያዢያት፣ እናዙራት።»