የማክሰኞዋ ንዝረት

«ጋሽ ንቅንቅ» የሚለውን ስም ያወጣንላቸው እኛ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ነን። ጡረታ የወጡ የጋዜጣ አራሚ ናቸው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት እየወረዱ የድሮ ጋዜጣ ጥራዝ ሲያገላብጡ ኖረዋል። የሚፈልጉት ትልቁን የመሬት መንቀጥቀጥ አይደለም፤ እሱንማ ሁሉም ያውቀዋል። አራተኛው ገጽ ግርጌ፣ ከጠፋ ቦርሳ ማስታወቂያ በላይ፣ «ትናንት መጠነኛ ንዝረት ተሰምቷል፤ ጉዳት አልደረሰም» የምትል ሁለት መስመር ናት የእሳቸው ጉዳይ። ቀኗን፣ ሰዓቷንና ምስክሯን ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። ሁለት ምስክር የሌላት ንዝረት አትገባም።

«ሰው ካልሞተበት ምን ያለፋዎታል?» ብያቸው ነበር አንድ ቀን።

«የሞተበትንማ ማን ይረሳዋል» አሉኝ፣ ዓይናቸውን እያሹ።

አሁን ወገባቸውም ዓይናቸውም በቃኝ ብሏል። ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ለሚያሳትሙት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሊያስረክቡ ነው። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ንዝረት አለበት፤ አንዷ ብቻ በእርሳስ ተጽፋ ቀርታለች። ሟች እናታቸው የዛሬ ሰባ ዓመት፣ በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ፣ አንዲት ማክሰኞ ሥር «መሬት ተንቀጠቀጠ። ስድስት ብርጭቆ» ብለው ጽፈው ነበር። ጋዜጦቹ በዋዜማው ሰኞ የተሰማውን ይዘዋል፤ ስለ ማክሰኞው ትንፍሽ ያለ የለም።

«ሌሎቹን ከሰው ገለበጥኩ። ይቺ ግን የራሴ ናት» ይላሉ።

እናትየው በሰዓቱ ገበያ ነበሩ። ቤት የነበሩት ያኔ ገና ድክ ድክ ይሉ የነበሩት ጋሽ ንቅንቅና ታላቅ እህታቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ተያይዘን ወደ እህትየው ቤት ሄድን። ሶፋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ፎጣ ያጣጥፋሉ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ።»

«ምንድነው? ቤቴን ልትሸጥብኝ ነው?»

«የማክሰኞዋ ንዝረት ናት። ብርጭቆዎቹን የሰበረችው።»

እጃቸው ፎጣው ላይ ቆመ። «እስካሁን እሷን ይዘህ ነው የምትዞረው?»

«ነገ አስረክባለሁ። በመጽሐፍ ይወጣል።»

«በመጽሐፍ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ሰው የቤት ሰው ነው?»

«የቤት ሰው ነው፤ ተናገሪ።»

«እንግዲያው ስማ። መደርደሪያው አናት ላይ የተደበቀ ከረሜላ ነበር። ላወርድ ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ወንበሩ ከዳኝ፣ ከነብርጭቆው ወደቅሁ። እማዬ ስትመጣ ምን ልበላት? ሰኞ ተነቃንቆ የለ፣ ዛሬም ደገመው አልኳት። ትቆጣለች ስል፣ ተረፋችሁልኝ ብላ አቅፋን አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ላውጣው?»

ጋሽ ንቅንቅ የእርሳሷን መስመር በጣታቸው ነኩ። «ታዲያ ማክሰኞ ምንም አልነበረም?»

«እኔ ነበርኩ።»

ሳቄን ዋጥኩ። እህትየው ግን የወንድማቸውን ፊት አይተው ፎጣውን አስቀመጡ። «በል አምጣው፣ ልፈርምልህ። ሰባ ዓመት ለዋሸሁት አንድ ቀን ቢጨመር ምን እሆናለሁ?»

ጋሽ ንቅንቅ ብዕሩን ዘረጉላቸው፤ ደግሞ መልሰው ሳቡት። ከደረት ኪሳቸው ትንሿን ማስመሪያ አወጡና በእርሳሷ መስመር ላይ ቀይ አሰመሩባት። ቁጥሩን ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ አደረጉት። ምስክር በሚለው ረድፍ፣ በዚያ በአራሚ እጃቸው፣ «ምስክሯ ቃሏን አንሥታለች» ብለው ጻፉ።

ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እህታቸው አጠገብ ሶፋው ላይ ደገፍ አሉ።

«ከረሜላውስ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ከስባሪው መሀል ለቅመን በላነዋ። አፍህን እንድትይዝልኝ ላንተ ሁለት ሰጥቼሃለሁ።»