ጋሼ በነፃ ያጣጠፉልኝን ፓራሹት የፈታሁ ዕለት

እኔ ነፃ ነገር አልወድም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ «ደሃ ደግሞ ነፃ ነገር ይጠላል?» ይላል። ይሳቅ። ጅቡቲ ያመጣችኝ ሴትዮ በነፃ ነው ያመጣችኝ። አክስቴ አይደለችም፤ «አክስትሽ ነኝ» ነው የምትለው። የባቡሩን ወጪ ችላ፣ ቀሚስ ገዝታልኝ፣ ሆዳን ሠፈር ያለው ቤቷ አስገባችኝ። ከዚያ በኋላ ቤቷን ስጠርግ፣ ልጆቿን ሳጥብ ኖርኩ። ደመወዝ የሚል ቃል ከአፌ በወጣ ቁጥር ዓይኗ እንባ ይሞላል። «ለልጅ ደመወዝ ይከፈላል እንዴ? አንቺኮ ልጄ ነሽ!» ትላለች። እኔም አፍሬ ወደ ማጠቢያው እመለሳለሁ። በውለታ የታሰረ ሰው በሩ ክፍት ቢሆንም አይወጣም።

አንድ ቀን ግን ወጣሁ። ካርቲየ 2 የሚሉት ሠፈር አንድ ክፍል ተከራየሁና አንዲት ፈረንሳዊት ቤት በደመወዝ ገባሁ። ማዳም ነው የምላት። ማዳም አትወደኝም፣ አትጠላኝም፤ ወሩ ሲያልቅ ትከፍለኛለች። ያልተመቸኝን አልተመቸኝም እላታለሁ። ትቆጣለች፣ እቆጣለሁ፣ በማግስቱ ሥራ እንገባለን። እንዲህ ያለ ዕረፍት በ«ዘመድ» ቤት አላየሁም።

ማዳም አርብ አርብ ከአውሮፕላን ትዘላለች። ማንም ሳያባርራት፣ በገዛ ፈቃዷ። ዝላዩ ከከተማው ወጣ ብሎ ግራን ባራ ላይ ነው፤ ሣር የማይበቅልበት፣ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሜዳ። መጀመሪያ የወሰደችኝ ልጆቿን ድንኳን ሥር እንድጠብቅላት ነበር። «ይህቺ ሴት ምን ጎድሏት ነው?» አልኩ በሆዴ። ትንሽ ቆይቶ ግን ልጆቹን ረስቼ አንገቴን ወደ ሰማይ ሰቅዬ እውል ጀመር። እዚያ ላይ የሚንሳፈፍን ሰው ማንም «ነይ እስኪ» ብሎ አይጠራውም። እኔን ያማለለኝ እሱ ነው።

የዘላዮቹን ክለብ አሰልጣኝ እኔንም እንዲያሠለጥነኝ ጠየቅኩት። ራሱን የተላጨ ጡረተኛ ፈረንሳዊ ነው፤ ቃል አያባክንም። ገንዘብ እንደሌለኝ ነገርኩት። ተስማማን፤ የክለቡን ቱታዎች አጥባለሁ፣ መጋዘኑን እጠርጋለሁ፤ በምላሹ ያሠለጥነኛል፣ አውሮፕላኗ ላይ ቦታ ሲተርፍ እዘላለሁ። እናቴ በስልክ ስትሰማ፣ «ክንፍ ሳይሰጥሽ ምን ልታደርጊ ትሰቀያለሽ? ምድር ጠበበሽ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ጠበበችኝ» አልኳት።

ፓራሹት አንዴ ከተዘለለበት በኋላ እንደገና መጣጠፍ አለበት። በጀርባ በሚታዘለው ቦርሳ ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው። አንዱ ተጠባባቂ ነው፤ እሱን ፈቃድ ያለው ባለሙያ አሽጎ ያስቀምጠዋል፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ዋናውን ግን ወይ ራስህ ታጣጥፋለህ፣ ወይ ከፍለህ ታስጣጥፋለህ። ሜዳው ላይ ነፋሱና አቧራው ስለሚያስቸግር፣ ለአርብ ጠዋት የሚሆነው ሐሙስ ከሰዓት አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው መጋዘን ውስጥ ይዘጋጃል።

ተከፍሏቸው የሚያጣጥፉት ጋሼ ናቸው። የድሮ አየር ወለድ ወታደር፤ መንግሥት ሲወድቅ ድንበር ተሻግረው እዚሁ ቀሩ። ፓራሹት አይሉትም፤ ዣንጥላ ነው የሚሉት። ናይለኑ እንደ ዓሣ ከእጅ ያሙለጨልጫል፤ እርሳቸው ጋ ሲደርስ ግን አደብ ይገዛል። ገመዶቹን ይለያሉ፣ እጥፋቱን ያስተካክላሉ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው አየሩን ያስወጣሉ፣ ከረጢቱ ውስጥ ይከቱታል። ማዳም ገንዘቡን ሰጥታ ውጭ ሲጋራዋን ታጨሳለች። አንድም ቀን ዞራ አይታ አታውቅም።

ሠልጣኝ እያለሁ የእኔንም የሚያጣጥፉት ጋሼ ነበሩ፤ ክለቡ ነበር የሚከፍላቸው። ሥልጠናዬን ጨርሼ ብቻዬን የምዘልበት አርብ ሲቃረብ ግን ክለቡ እጁን አነሳ። አሰልጣኙ፣ «ከእንግዲህ ወይ ክፈዪ፣ ወይ ራስሽ አጣጥፊ» አለኝ።

ጋሼ ሰምተው ሳቁ። «ይህቺ ልጅ ልትከፍል? እኔ ቆሜ? ከአገሬ ልጅ ገንዘብ አልቀበልም!»

«አልከፍልም ጋሼ። ራሴ ነው የማጣጥፈው።»

«አንቺ? አንቺ ቀልብ የለሽ? ነጠላሽን እንኳ ጠቅልለሽ ነው የምትወረውሪው!»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን በልቤ ይዤው ሄድኩ። የሰው አንሶላ፣ የሰው ሸሚዝ፣ የሰው ካልሲ ሳጣጥፍ ነው ያደግኩት። ለራሴ ሕይወት ሲሆን እጄ አይረባም ማለት ነው? ከዚያ ወዲህ ቱታ ባጠብኩ ቁጥር አሰልጣኙ ሥር እየተንበረከክሁ ተማርኩ።

ሐሙሱ ደረሰ። አውሮፕላኗ የአርቡን ዝላይ ጨርሳ ለጥገና ወደ ሌላ አገር ትሄዳለች፤ የምትመለሰው ከሐሩሩ ወራት በኋላ ነው። ስለዚህ አርብ ካልዘለልኩ ሐሩሩን ሙሉ መሬት ላይ ነኝ። አሰልጣኙ፣ «መጋዘኑ ከመዘጋቱ በፊት ተጣጥፎ፣ እኔም አይቼው ካላለፈ፣ ቦታሽን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ» ብሎኛል። ፓራሹቴን ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁና የማዳምን ትንሹን ልጅ ከትምህርት ቤት ላመጣ ሄድኩ።

ስመለስ ምንጣፉ ባዶ ነው። ቦርሳዬ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል፤ ተዘግቶ፣ ተወጥሮ፣ እንደ ሙሽራ ሻንጣ አምሮ። ጋሼ ላባቸውን እየጠረጉ ፈገግ አሉ።

«ተገላገልሽ!» አሉኝ። «በነገር አደረቅሽኝ እንጂ፤ በይ ነገ እንደ ንግሥት ውረጂ።»

አፌ ምን አለ መሰላችሁ? «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለ። ማን አዘዘው? ይሉኝታ ነዋ። አሥር ጊዜ ራሴ አጣጥፋለሁ ያለው አፍ አንድ ሽማግሌ ፈገግ ሲሉለት አጎነበሰ። ቁጭ አልኩ። የልጁን ቦርሳ አወረድኩለት። ያቺ ሴትዮ ትዝ አለችኝ፤ እንባዋ። «አንቺኮ ልጄ ነሽ።» ተነሣሁና ቦርሳውን ወደ ምንጣፉ ጎትቼ መዝጊያውን መዘዝኩት።

ናይለኑ ተንፍሶ እየተንሸራተተ ወጣ። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ።

«ምን አደረግሽ?» አሉ ጋሼ።

«ፈታሁት።»

«እኔ ያጣጠፍኩትን ዣንጥላ ከሰማይ በቀር የትም ቦታ የፈታው ሰው አላየሁም።»

«አሁን አዩ።»

ብልግና ነበር፤ አውቃለሁ። ሌላ ቃል ግን አልመጣልኝም። ጋሼ በሰው ሁሉ ፊት ቀሉ፤ ከዚያ ጠቆሩ። «ምን ጎድሎበት አገኘሽው? ንገሪኝ! የቱ ገመድ ተጠላለፈ?»

«ምንም አልጎደለበትም።»

«ታዲያ የማንን እጅ ነው ያላመንሽው?»

«የማንንም። የራሴን ልሞክር ነው።»

ማዳም ሲጋራዋን ይዛ ገባች። የሆነውን አይታ ትከሻዋን ሰበቀች። «አውሮፕላኗን አንቺ ነሽ የምታበሪያት?» አለችኝ። «ጨርቁን አንቺ ነሽ የሰፋሽው? ሁሉም በሌላ ሰው እጅ ነው። እኔ እከፍላለሁ፣ ደህና እተኛለሁ።»

እውነቷን ነው። መልስ ፈለግኩ፤ ያገኘሁት ይህችን ብቻ ነው፤ «አብራሪው ቢሳሳት አብሮኝ ይወድቃል።»

«እኔስ?» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «እኔ ብሳሳት የማልወድቅ መሰለሽ? ቆሜ የምሄድ መሰለሽ?»

ይህም ልክ ነው። ግን ጀምሬዋለሁና አላቆምኩም።

«ጋሼ፣ ገንዘብ ተቀብለውኝ ቢሆን አልፈታውም ነበር።»

«ገንዘብ! አሁንም ገንዘብ!»

«አዎ። ገንዘብ ቢቀበሉኝ ገልጬ አያለሁ። ያልጣመኝን አልጣመኝም እላለሁ። እርስዎም ይሰድቡኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። በነፃ ሲሆን ግን ምን እላለሁ? እግዜር ይስጥልኝ ብቻ። እግዜር ይስጥልኝ እያልኩ ከሰማይ አልወረወርም።»

«ጥጋብ ነው» አሉ።

«ጥጋብ ይሁን።»

ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ካርቶን ላይ ተቀመጡና ጫታቸውን ፈቱ። እኔ ሥራ ጀመርኩ። ወዲያው መብራት ሄደ፤ ቬንቲላተሩ እየተንቀራፈፈ ቆመ። ላቤ ናይለኑ ላይ እንዳይንጠባጠብ ሻሼን ግንባሬ ላይ አሰርኩ። ገመዶቹን ለየሁ። እጥፋቱን አስተካከልኩ። በደረቴ ተኝቼበት አየሩን አስወጣሁ፤ በአንድ በኩል ስጫነው በሌላ በኩል ያብጣል። ከረጢቱ ውስጥ ስከተው ግማሹ ተመልሶ ወጣ። እንደገና ዘረጋሁት። የማዳም ልጅ «ሞተ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ገና ነው» አልኩት። ጋሼ ዞረው አላዩም፤ ጆሯቸው ግን ወደ እኔ ቆሞ ነበር። ጨርቁ በተንሸራተተ ቁጥር ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

በመጨረሻ ቦርሳው ተዘጋ። የሚያምር አልነበረም፤ አንድ ጎኑ አብጧል። አሰልጣኙ ተንበርክኮ ክዳኑን ገለጠ፣ ገመዶቹን ነካ፣ ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። አቅጣጫ ከሚመሩት ገመዶች አንዱ በቦታው አልተቆለፈም። «ድገሚ» አለ።

ጋሼ ያኔ ነው የሳቁት። «ፈታሽው፤ አሁን ተፈታብሽ! እዩልኝ ይህችን ጀግና!»

ማልቀስ አማረኝ። አላለቀስኩም። የመጋዘኑ ጥበቃ ቁልፉን እያንቃጨለ በር ላይ ቆመ። ደገምኩት፤ በዚህኛው ላይ ቸኩዬ ሳይሆን በንዴት ቀስ ብዬ። አሰልጣኙ አየ፤ ጎትቶ አየ፤ አንገቱን ነቀነቀና «ነገ ጠዋት» አለ። ጋሼ ቀድመውን ወጥተው ነበር። ሠፈራችን አንድ ነው፤ ሌላ ጊዜ አብረን ነው የምንሄደው። ያን ቀን ብቻዬን ሄድኩ።

ጠዋት አውሮፕላኗ ውስጥ ማዳም ከጎኔ ዓይኗን ጨፍና ማስቲካ ታኝካለች። ጀርባዋ ላይ የጋሼ እጅ አለ። እኔ ጀርባ ላይ የራሴ። አልፈራሁም ብዬ አልዋሽም፤ እያንዳንዱን እጥፋት በልቤ እየደገምኩ፣ ያኛውን ገመድ ቆልፌዋለሁ፣ አልቆለፍኩትም እያልኩ ነበር። ከፍሎ የሚዘል ሰው ከዚህ ጭንቀት ያርፋል። ዕረፍቱ ነው የሚሸጠው። በሩ ሲከፈት ወጣሁ።

የማዳም እንዴት እንደተከፈተ አየሁት፤ እንደ አበባ፣ ቀጥ ብሎ። የእኔ በጥፊ ነው የተከፈተው። አንገቴን ቀጨው፤ ከራሴ በላይ ገመዶቹ እርስ በርሳቸው ተጠማዝዘው ነበርና እኔም እንደ እንዝርት ዞርኩ። የተማርኩትን አደረግኩ፤ ገመዶቹን ከፍ አድርጌ ያዝኩና በእግሬ አየሩን እየረገጥኩ ተቃራኒ ዞርኩ። ተፈቱ። ሜዳው ከእግሬ በታች ረጋ አለ። ከዚያ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ስድብ ይመስለኛል።

ጋሼ ለሁለተኛው ዙር ሊያጣጥፉ ድንኳኑ ሥር ነበሩ። ፓራሹቴን አቅፌ ስመጣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ተጣሞ ተከፈተ» አሉ።

«ተከፈተ።»

«የማዳምን አይተሻል?»

«አይቻለሁ። የእርስዎ ይበልጣል።»

እንዲህ እንድል አልጠበቁም። «ታዲያ ምን አመጣሽ?»

«ታዲያማ የእኔው ተከፈተ። ከእንግዲህ ሲደክመኝ እከፍልዎታለሁ፤ ሳይደክመኝ ራሴ አጣጥፋለሁ። በነፃ ግን አልሰጥዎትም።»

«እንግዲያው ከማዳም አስበልጬ ነው የማስከፍልሽ።»

«ለምን?»

«ማዳም አትጨቀጭቅማ!»

በሁለተኛው ዙር አንድ ቦታ ተረፈ። ክንዴ ዝሎ ጨርቁን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ከቱታዬ ኪስ ፍራንክ አወጣሁና ሰው ሁሉ እያየ እጃቸው ላይ አኖርኩ። ስድብ የሰጠኋቸው ይመስል አዩት፤ ከዚያ ሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። ተንበረከኩ። እኔም አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ እያንዳንዱን እጥፋት ተመለከትኩ።

«ምን ታፈጪያለሽ?»

«ከፍያለሁ።»

ጨርሰው ቦርሳውን ሲገፉልኝ ክዳኑን ገለጥኩ፣ መዝጊያውን ነካሁ፣ ገመዱን በጣቴ ሳብ አደረግኩ።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም። ያንን ጎን ያዙሩልኝ።»

ጋሼ እያጉረመረሙ አዞሩልኝ።