የተሰፋው ኪስ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ አደራ» ነው የሚላት። የልብስ እጥበትና ተኩስ ቤት ከከፈተች አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ከሰው ኪስ ያገኘችውን ነገር ገልጣ አይታ አታውቅም። ልብስ ውሃ ሳይነካው በፊት ኪሱን ትፈትሻለች። ቁልፍም ሆነ ቀለበት፣ የታጠፈ ወረቀትም ቢሆን፣ ፖስታ ውስጥ ከትታ የልብሱን ቁጥር ትጽፍበትና በስቴፕለር ትመታዋለች። አንዲት ሴት ባሏ ኪስ ውስጥ ምን እንደተገኘ ለማወቅ ብትለማመጣት፣ ፖስታው የሚሰጠው ልብሱን ላመጣው ሰው ነው ብላ በባዶ እጇ ሸኝታታለች። ይህቺው እትዬ አደራ ናት እንግዲህ የገዛ ልጇን ጉድ የሠራችው።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ድሮ አስተማሪው ስንቴ እንዳስነጠሰ ሳይቀር ለእናቷ ትነግር የነበረች ልጅ፣ ከወር ወዲህ ጠባይዋ ሁሉ ተለወጠ። ትንሽ ሲነኳት ታለቅሳለች፤ ደግሞ ብቻዋን ፈገግ ትላለች፤ መስታወት ፊት ከቆመች የሚመልሳት የለም። እናት ለሰው «ዕድሜው ነው» ትላለች እንጂ ውስጥ ውስጡን ይቆጠቁጣት ነበር።

አንድ ሐሙስ የልጅቷን የዩኒፎርም ኮት ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። እጇ እንደልማዱ ወደ ፖስታው ሄደ። ከዚያ ተመለሰ። ለልጄ ደግሞ የምን ፖስታ ነው ብላ አሰበች። ልጇ ቁጥር የላትማ።

ለክፍሏ ልጅ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። እናት የመጀመሪያዎቹን መስመሮች በችኮላ አነበበች፤ ክፉ ነገር እንደሌለበት ስታይ ግን ጭንቀቷ ለቀቃትና ሳቋ መጣ። አብራት የምትሠራው አጣቢ፣ ምን አግኝተሽ ነው ብላ ጠየቀቻት። ማሽኑ እየጮኸ ስለነበር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት። «ጥቁር ሰሌዳውን ስታጠፋ ጀርባህን ሳይ፣ የተማርኩት ሒሳብ ሁሉ አብሮ ይጠፋብኛል።» አጣቢዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እናትም ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። አጣቢዋ እንደገና በይው አለቻት፤ እናትም እንደገና አለችው፣ ያውም የልጇን ድምፅ እያስመሰለች።

ልጅቷ የምሳ ዕቃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ እሱ የእኔ ነው» አለች። አልጮኸችም። ምሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሄደች።

ሱቁን ሊዘጉ ሲሉ እናት ወረቀቱን ልታጥፍ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በእርሳስ እንዲህ የሚል ማስታወሻ ነበር፦ «ሳልሰጠው በፊት ቅዳሜ ለእማዬ ልንገራት። እሷ አትስቅብኝም።»

ምነው ባላነበብኩት! የትኛውን ጎን ባታነብ እንደሚሻላት ግን ራሷም አላወቀችም። ቤት ገብታ፣ ልጄ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ አለቻት። ልጅቷም «ምንም አይደለም እማዬ» አለች፣ ሻይ ቅጂልኝ ስትባል እሺ እንደምትለው። ብትጮህባት፣ በሩን ወርውራ ብትዘጋባት እንዴት በወደደች! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ ለእሷ ነው። ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ አሽጋ ትራሷ ላይ አኖረችላት። ጠዋት ፖስታው እንደታሸገ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ተገኘ።

በሳምንቱ ኮቱ ለእጥበት ሲመጣ የኪሱ አፍ ተሰፍቷል። ጥቅጥቅ ያለ፣ ሥርዓት ያለው ስፌት ነው፤ ያን ስፌት ያስተማረቻት እናት ራሷ ናት። ለምን ሰፋሽው ለማለት ምን አፍ አላት? በየሳምንቱ ስትተኩሰው ካውያው እዚያች ቦታ ሲደርስ አንስታ ታሳልፈዋለች። ሁለት ጊዜ ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ ስታለቅስ ሰምታ በሩን አንኳኩታለች፤ ራሴን አሞኝ ነው የሚል መልስ ብቻ አገኘች። ደብዳቤው የተጻፈለት ያ ልጅ ትምህርት ቤት መቀየሩን እንኳ የሰማችው ከአጣቢዋ አፍ ነው። የሰው ሁሉ አደራ ጠባቂ፣ የልጇን ሐዘን ከባዳ ሰማች።

ዓመቱ አልቆ ኮቱ እጅጌው አጠረ። ልጅቷ ራሷ ሱቅ ድረስ አምጥታ፣ ታጥቦ ለአክስቷ ልጅ ይሰጥ አለች።

እናት ኮቱን ተቀብላ ኪሱን በጣቷ ዳሰሰችው። «መጀመሪያ ያስቀመጥሽውን አውጪ» አለቻት። «እኔ ዞር እላለሁ፣ አላይም።»

«ምንም የለበትም» አለች ልጅቷ። «ድሮም አልነበረበትም።»

ስትወጣ እናት ትንሿን መቀስ አነሳችና ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታችው። ከዚያ እንደልማዷ እጇን እስከ ታች ሰደደች። ባዶ ነበር።